ውሃ ልክ

ሚስኪ ቡፌውን ያመጣችው በአህያ ጋሪ ነው፣
ከመጋላ እስከ ከዚራ፣ በቀትር ሙቀት፤
ባለጋሪው በየጉድጓዱ ይራገማል፣
እሷ ከኋላ ደግፋው ትመጣለች፣
ሐኪም ቤት እንደምትወስደው ዘመድ።

«ይሄን አረንጓዴ ቀለም አንሳልኝ» አለች፣ «የእናቴ ነው፤
ቀለሙን ግን ዕድሜ ልኬን ጠላሁት።»
ዋጋ ጠራሁ። ሳቀች። ግማሹን ጠራች።
መሀል ላይ ተገናኘንና አስገባሁት።

ጋሽ አብዶሽ፣ ያስተማረኝ፣ አላህ ይማረውና፣
የሸሚንደፈር ፉርጎ አናጢ ነበረ፤
«እንጨት በጅማቱ ነው የሚኬደው፣
ከተቃረንከው ይቆጣል» እያለ ኖረ።
ገልብጬ ሳየው፣ ከሥሩ ቁጥር ተመትቶበታል፤
የሁለተኛ ማዕረግ ወንበር ነበር ጣውላው።
ስንቱ ከጅቡቲ እያንቀላፋ መጥቶበት፣
ኋላ ሰሃን ጫኑበት፣ ባቡሩ ሲተወው።

ቀለሙን በሶዳ አራስኩ፣ በስለት ፋቅሁ፣
እንደ እባብ ቆዳ ተገሸለጠ።
በችኮላ የተቀባ ነው፤ ያስታውቃል፤
የብሩሹ ጸጉር እንኳ ተጣብቆ ቀርቷል፣ አልተለቀመ።
ነቀዝ የበሳውን በሰጋቱራና በኮላ ደፈንኩ፣
የተናጋውን እግር አዲስ ምላስ አበጀሁለት፤
አልከፈት ያለውን መሳቢያ ጎኑን ሻማ ቀባሁት፤
ተንሸራተተ፤
ውስጡ ደቃቅ አሸዋ ነበር፤ ጠርጌ ደፋሁት።

አንድ ነገር ቀረ፦
ከወለሉ ክንድ ተኩል ከፍ ብሎ፣
ዙሪያውን የታጠቀው ጠቆር ያለ መስመር።
እድፍ ነው አልኩ።
በብርጭቆ ወረቀት፣ ከሻካራው እስከ ለስላሳው፣
ሁለት ቀን ፈገፈግኩ።
ክንዴ ዛለ። ጠፋ። ኮራሁ።
ቫርኒሹን ሦስት ጊዜ ደረብኩ፣ በማለዳ፣
ነፋሱ የሳቢያንን አቧራ ይዞ ሳይመጣ።

ሚስኪ መጣች።
መሳቢያውን አልሳበች፣ በሩን አልከፈተች፤
ተንበረከከችና እንጨቱን ዳበሰች።
«የት አለ?»
«ምኑ?»
«መስመሩ።»

ደቻቱ የመጣ ሌሊት፣ አለች፣ ስድስት ዓመቴ ነው።
እናቴ እኔንና ወንድሜን እዚህ ላይ አወጣችን፣
እሷ ከታች ቀረች፤
ቡፌው እንዳይንሳፈፍ በደረቷ ተደግፋው
እስኪነጋ ቆመች።
ውሃው እዚህ ድረስ መጣ፤ ከዚህ አላለፈም።
ቤቱ ሲደርቅ አረንጓዴ ገዝታ ቀባችው፤
ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ሌሊት አንዲት ቃል አልወጣትም፣
እስከ ዘንድሮ ረመዳን፣ እስከ ቀበርናት ድረስ።
«አንሳልኝ ያልኩህ ቀለሙን ነው።»

ምን ይባላል?
ቫርኒሹ ላይ ፊቴን አየሁት፣
የተያዘ ሌባ ይመስላል።

ኋላ ትዝ አለኝ፦ ጀርባው!
ለግድግዳ የሚዞር ጀርባ ማን ያየዋል ብዬ፣
ታክቶኝ ነበርና ሳልነካው ትቼዋለሁ።
ጋሽ አብዶሽ ቢኖር በዚህ ስንፍና ይገርፈኝ ነበር።
ጎትተን አዞርነው።
አለ። ከዳር እስከ ዳር፣ እንደ ተሰመረ።
ውሃ ልኬን ከኪሴ አውጥቼ አስጠጋሁበት፣
ለምን እንደሆነ እንጃ፤ የእጅ ልማድ ይሆናል፤
አረፋዋ ወዲያ አለች፣ ወዲህ አለች፣
መሀል ላይ ቆመች።
ያን ሁሉ ሌሊት፣ በዚያ ሁሉ ውሃ፣
አንድ ስንጥር አላዘነበለም።

ሚስኪ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገችና
«ለጠፋው ሦስት ጎን» አለች፣ «ስንት ትቀንሳለህ?»
ቀነስኩ።
ባለጋሪው እየተራገመ ጫነው።
«ፊቱን ወደ ግድግዳ ነው የማቆመው» አለችኝ።
«ሰሃኑስ?»
«ሰሃን» አለች፣ ጋሪው ሲነሳ፣ «መቀመጫ አያጣም።»